የተጠራቀመ ብልቃጥና ሃይላንድ ለመድኃኒት ቅጠል ይሆናል ወይስ ልጣለው?

ምንም አይጣልም፦

ሰላም ለሁላችሁም። መደርደሪያዬ በባዶ ዕቃ ሞልቷል። የማርና የማርማላታ ብልቃጥ፣ የውሃ ሃይላንድ፣ የቲማቲም ጣሳ፣ የእርጎ ፕላስቲክ፣ ምኑ ቅጡ። ባለቤቴ ጣይልን እያለ ይነዘንዘኛል፣ እኔ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል። በዚያ ላይ ለጉንፋንና ለሆድ የሚሆኑ ቅጠሎች በረንዳ ላይ ተክዬ አድርቄ ማስቀመጥ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ናና፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ እሬት፣ ከተሳካልኝ ጤና አዳምም። ስለዚህ ሁለቱን ላገናኛቸው ነው፦ በጣሳውና በሃይላንዱ እተክላለሁ፣ የደረቀውን በብልቃጡ አስቀምጣለሁ።

የትኛው ዕቃ ነው የሚሆነው፣ የትኛው ነው የማይሆነው? ቅጠሉስ አብሮ ይፈላል ወይስ የፈላ ውሃ ይፈስበታል? አንዱ እንዲህ ይላል ሌላው እንዲያ። ነጭ ሽንኩርትም በዘይት ዘፍዝፌ ላስቀምጥ ብዬ ነበር፣ ለጆሮም ለጉንፋንም ይሆናል ሲባል ሰምቼ። ቤት ውስጥ የስምንት ወር ልጅ አለች፣ እናቴ ደግሞ የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። እነሱን የሚነካ ነገር ካለ አትደብቁኝ።

የበረንዳ ገበሬ፦

እህቴ እንዳትጥይው! እኔ በረንዳ ላይ በገንዘብ የተገዛ መትከያ አንድም የለም።

ዋናው ነገር ከታች ቀዳዳ መኖሩ ነው። ውሃ የማያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሰው ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ይጨምርበታል፣ በቃ አለቀለት። ጣሳውን ገልብጠሽ በሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሺው፣ የተቆረጠውን አፉን ደግሞ በፒንሳ ወደ ውስጥ እጠፊው፣ እጅ ይቆርጣል። ጣሳ ፀሐይ ላይ በጣም ይግላል፣ ስለዚህ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልይው ወይም የቀትር ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። ውሎ አድሮ ይዝጋል፣ ያኔ ትለውጪዋለሽ።

ሃይላንዱን ወገቡ ላይ ቁረጪው። ክዳኑን ብሺና የአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ጠምዝዘሽ አሾልኪበት። የላይኛውን ግማሽ ዘቅዝቀሽ በታችኛው ውስጥ አስቀምጪ፣ ላይ አፈር ታች ውሃ ይሆናል፣ ጨርቁ ውሃውን ራሱ ወደ ላይ እየሳበ ያጠጣልሻል። ጨርቁ ጥጥ ይሁን፣ ናይለን ውሃ አይስብም። ፕላስቲኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ዙሪያውን ሸፍኚው። ይሄ ለበሶብላና ለናና ነው። ጦስኝን እንዳትሞክሪው፣ እሱ አፈሩ ደረቅ ሲልለት ነው የሚያምርበት፣ እሬትማ ጭራሽ ብትረሺውም አይቀየምሽም።

ናናን ከማንም ጋር አትቀላቅይ። ሥሩ እየተሳበ ጎረቤቱን ሁሉ ይውጣል። ለመጀመርም ዘር አያስፈልግሽም፣ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ በውሃ ብልቃጥ ውስጥ ብታቆሚው ሥር ያወጣል።

ብልቃጥ ሰብሳቢ፦

እኔ ስለ ማንኛውም ባዶ ዕቃ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው፤ ድሮ ምን ነበረበት? ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይ በረኪና የነበረበት ከሆነ ለሚበላና ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። አሥር ጊዜ ታጥቧል፣ ሽታው ጠፍቷል ምናምን አይሠራም። የሚጠጣ ቅጠል መትከያም አላደርገውም።

ምግብ የነበረበት ፕላስቲክ ከሆነ ገልብጪውና ሥሩ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን እዪ። ውስጡ ያለው ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ነው የሚናገረው፣ ብዙ ሰው ግን የጥራት ደረጃ ይመስለዋል። 1 ሃይላንድና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ነው። ለደረቅና ለቀዝቃዛ ነገር ችግር የለውም፣ ትኩስ ሻይ ግን አትቅጂበት፣ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስና መጨማደድ ይጀምራል። 2 እና 5 ጠንከር ያሉ ናቸው፣ የእርጎው ዕቃ ብዙ ጊዜ 5 ነው። 3 እና 6 ለምግብ ድጋሚ አልጠቀምባቸውም፣ ዘር ማፍያ ይሁኑ።

ለደረቀ ቅጠል ግን ከብልቃጥ የሚበልጥ የለም። መስታወቱ ሽታ አይዝም፣ የሚይዘው ክዳኑ ነው፣ የኮምጣጤ ነገር የነበረበትን ክዳን ለናና ብትጠቀሚበት ታዝኛለሽ። ወረቀቱን ለማንሳት ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ሙጫው እምቢ ካለ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ አደባልቀሽ እሺው። ከዚያ ድስት ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምረሽ ቀቅይው፣ መፍላት ከጀመረ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀዝቃዛውን ብልቃጥ ድንገት የፈላ ውሃ ውስጥ ከከተትሽው ይሰነጠቃል። ሲወጣ በደንብ ይድረቅ። ጠብታ ውሃ ከቀረበት ሙሉ ብልቃጥ ቅጠል ይሻግትብሻል።

ማድረቁ ጥላ ሥር ነው፣ ፀሐይ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። በንጹሕ አሮጌ አንሶላ ላይ በትኚው፣ ጋዜጣ ላይ አይሁን፣ ቀለም አለው። በጣት ስትነኪው ኮሽ ብሎ ሲፈረፈር ደርቋል ማለት ነው። ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፣ ስሙንና የደረቀበትን ቀን ጻፊበት፣ ምክንያቱም ከደረቀ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል። ከዓመት በላይ የቆየ ሽታ የለውም፣ ለማዳበሪያ ይሁን።

ፋርማሲ ነው የምሠራው፦

ስለ ዕቃው ተባለ፣ እኔ ስለሚጠጣው ልበል።

ቅጠልና አበባ አይቀቀልም። የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክደኚው። መክደኑን ሰው ችላ ይለዋል፣ ያ ቤቱን የሚያውደው ሽታ እኮ የምትፈልጊው ነገር ነው፣ በእንፋሎት ሲወጣ ለግድግዳው ነው የጠቀመው። ሥርና ቅርፊት ግን ጠንካራ ስለሆነ በዝግታ መንተክተክ አለበት፣ ለምሳሌ ዝንጅብል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ዓመት እስኪሞላት ማር የሚባል ነገር አይቅመሳት። በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስፖር (እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ መልኩ) ሊኖር ይችላል፣ የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፣ የሕፃን ግን ገና ስላልጠነከረ እዚያው ይበቅልና መርዝ ያመርታል። ሻይ ውስጥ ቢሟሟም ስፖሩ አይሞትም። ዓመት ካለፋት በኋላ ለሳል ደህና ነው። የባሕር ዛፍና የናና ዘይትም አፍንጫዋ አካባቢ አይቀባ፣ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። የፈላ ድስት ላይ አስጎንብሶ ማጠንም ይቅር፣ ልጆች በእሱ ይቃጠላሉ።

እናትሽ አብሽ የምትወስድ ከሆነ ሐኪሟ ይወቅ። አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ ችግሩም ይሄው ነው፣ መድኃኒቱም ስለሚያወርድ ሁለቱ ሲደራረቡ ከልክ በታች ሊወርድባት ይችላል። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ከዞረባት ስኳሯን ለኩ።

ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ማህፀን ያነቃቃል። ስትቆርጪውም ጓንት አድርጊ፣ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። እሬት ሲቆረጥ ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ለቀላል ቃጠሎ ይሆናል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሆድን በኃይል የሚያስቀምጥ ነው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች አስወጥቶታል። ናና ለተነፋ ሆድ ጥሩ ነው፣ ቃር ላለበት ግን ያባብስበታል።

ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ይቅርብሽ። ለምን እንደሆነ ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ።

የአያቴ ልጅ፦

አሁንስ አበዛችሁት። ሴትዮዋ ናና ልትተክል መጣች፣ በመርዝና በሆስፒታል አስፈራርታችሁ ልትመልሷት ነው እንዴ? ነጭ ሽንኩርት በዘይት እኛ ቤት ሁሌ አለ፣ ማንም አልሞተም። ቅጠል ከፋብሪካ ክኒን መቼም ይሻላል።

ፋርማሲ ነው የምሠራው፦

ወንድሜ፣ ቅጠል አይሠራም ያለ ሰው የለም። ለወባ የሚሰጠው አርተሚሲኒን የተገኘው ከቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአርቲሚዥያ ተክል ለይታ ያወጣችው፣ አንድ ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ ማፍላት አለማለቱን አይታ፣ ሙቀቱ ያበላሸው ይሆናል ብላ በማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ኖቤል ተሸልማለች። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት የአርቲሚዥያን ሻይ ለወባ አይመክርም፣ በአንዱ ስኒ ያለው መጠን ከሌላው ይለያያል፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ሰውየውን አያድንም፣ የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ግን መድኃኒቱን ያላምደዋል። እኔ የምፈራው ልኩን ነው።

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ስመጣ፣ ከአፈር ስለሚወጣ ያው ቅድም ያልኩት የቦቱሊዝም ስፖር ሊኖርበት ይችላል። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ የሽንኩርቱ አሲድነት ዝቅተኛ ነው፣ ቤቱ ሞቃት ነው፣ ባክቴሪያው የሚፈልገው በሙሉ ተሟላለት ማለት ነው። መርዙ አይሸትም፣ ጣዕሙንም አይለውጠውም፣ ስለዚህ ቀምሼ አየሁት የሚባል ነገር የለም። የግድ ከተሠራም ወዲያው ፍሪጅ ይግባና በ4 ቀን ውስጥ ይለቅ። ጆሮ ውስጥ አይጨመር። ታምቡሩ ተበስቶ እንደሆነ ቤት ውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም፣ ፈሳሽ ካለው ወይ ካመመ መታየት ነው።

የአያቴ ልጅ፦

እሺ የፍሪጁን ነገር ተቀበልኩ። ጓንቱን ግን አላደርግም 😄

ምንም አይጣልም፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ነጭ ሽንኩርቱ ቀርቷል፣ ትኩሱን ምግብ ውስጥ እንበላዋለን። ጤና አዳሙም ልጅቷ ከማትደርስበት ቦታ ይሆናል። ጣሳዎቹን ዛሬውኑ እበሳለሁ፣ ባለቤቴ መዶሻውን ሲያይ ምን እንደሚል እንጃ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቡናማዎቹ የሽሮፕ ጠርሙሶች ብርሃን ስለማያሳልፉ ለዝንጅብል ጭማቂ ይሆናሉ? የተረፉትን የለስላሳ ጠርሙሶችስ በረኪና ልቀንስባቸው?

ብልቃጥ ሰብሳቢ፦

በረኪናውን በፍጹም! እንዲያውም ቤት ውስጥ ዕቃ ድጋሚ ስንጠቀም ትልቁ አደጋ ይሄ ነው፣ ልጅ የለስላሳ ጠርሙስ ሲያይ ለስላሳ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው፣ ትልቅ ሰውም ማታ በጨለማ ይጠጣዋል። በረኪና በመጣበት ዕቃ ይቆይ፣ ጋዝም እንደዚያው።

የሽሮፕ ጠርሙሱም ለሚጠጣ ነገር አይሁን፣ አንድ ቀን እውነተኛው ሽሮፕ አጠገቡ ይቀመጥና ይምታታል። ጽሑፉን ልጠሽ አጥበሽ የአበባ ዘንግ ማቆሚያ አድርጊው። ለዝንጅብሉ የማርማላታውን ብልቃጥ ውሰጂ፣ ፍሪጅ ውስጥ ብርሃን ስለሌለ ቡናማ መሆኑ አያስፈልግም። የተረፈውን ለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ለበረንዳ ገበሬው ላኪለት፣ እሱ የሚያደርገው አያጣም።