«ምድር ዋጠችው»፣ «ሰመጠ» ወይስ «ሰረገ»?

ቃል ፈላጊ (አዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ለግድግዳ ጋዜጣ አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። የውቅያኖስ ወለል በሌላ ፕሌት (የምድር ጠንካራ ልባስ ከተከፋፈለባቸው ግዙፍ ቁራጮች አንዱ) ሥር ገብቶ ወደ ማንትል (ከቅርፊቱ ሥር ወዳለው ወፍራም የአለት ንብርብር) ሲወርድ እዚያ ያለውን አለትና ከአለቱ የሚወጣውን ማግማ (ቅልጥ አለት) እንዴት እንደሚለውጥ ያስረዳል። ተማሪዎቹ «ምድር የዋጠችው ቅርፊት» ብለው ጻፉ። አንድ ባልደረባዬ «ምድር ዋጠችው» የሚባለው ደብዛው ለጠፋ ነገር ነው፣ «ሰመጠ» በሉት አለ። አንዲት መምህርት ደግሞ «ሰረገ» ይሻላል ትላለች። የቱን እንያዝ?

ባልጩት፦
መምህር፣ ባልደረባዎ ስለ ፈሊጡ ያሉት ልክ ነው። «የት ገባ? መሬት ዋጠችው እንዴ?» ስንል ዱካው ጠፋ ማለታችን ነው። ያፈረ ሰውም «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይላል። በሁለቱም የተዋጠው ተመልሶ አይታይም። ወደ ማንትል የወረደው ቅርፊት ግን በከፊል ይመለሳል፤ የጽሑፋችሁም ፍሬ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

መመለሱን ካረጋገጡት ነገሮች እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቤሪሊየም 10 ነገር ነው። ይህ አቶም የሚፈጠረው ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየራችንን ሲመቱ ነው። ከዝናብ ጋር ወርዶ በባሕር ወለል ደለል ውስጥ ይከማቻል። በየ1.4 ሚሊዮን ዓመቱ ገደማ ግማሹ ስለሚከስም ከምድር ልደት ጀምሮ በማንትል ውስጥ ሊቆይ አይችልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሌውሺያን ደሴቶችና በመካከለኛው አሜሪካ እሳተ ገሞራዎች አዲስ ላቫ ውስጥ ተገኘ። ከሰማይ ወርዶ፣ ከደለሉ ጋር ወደ ጥልቁ ገብቶ፣ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በእሳተ ገሞራ አፍ ተመልሶ ወጣ ማለት ነው። ይህን የጻፈ ሰው «ዋጠችው» ብሎ ዝም ማለት የለበትም።

አሁን ወደ ሁለቱ ግሶች። «ሰመጠ» ለፕሌቱ ይስማማዋል፤ በክብደቱ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሙሉ አካል ነውና። የውቅያኖስ ቅርፊት በአብዛኛው ባዛልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ጥልቀቱ ሲጨምርና ግፊቱ ሲበረታ ኤክሎጃይት ወደሚባል፣ ቀይ ጋርኔትና አረንጓዴ ፓይሮክሲን የተባሉ ማዕድናት ወዳሉበት አለት ይለወጣል። ኤክሎጃይት በዙሪያው ካለው ማንትል ስለሚከብድ መስመጡን ያፋጥናል።

«ሰረገ» ግን ለፕሌቱ አይሆንም። ውሃ አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል። ግዙፍ አካል አይሰርግም። እንዲህም ሆኖ መምህርቷ ያነሷትን ቃል አትጣሏት፤ ቦታዋ ሌላ ነው። ፕሌቱ ሲሰምጥ በማዕድናቱ ውስጥ የታሰረውን ውሃ ይለቃል፤ ያ ፈሳሽ ከላይ ወዳለው ማንትል የሚገባው በመስረግ ነው። ደረቅ የማንትል አለት በ100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ለመቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ ሲሰርግበት ግን መቅለጫው በመቶዎች ዲግሪ ይወርድና ሙቀት ሳይጨመርበት መቅለጥ ይጀምራል። የጃፓንና የአንዲስ እሳተ ገሞራዎች የሚነሱት ከዚህ ነው። እግረ መንገዴን፣ ውሃው አለቱን «አሟሟው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ስኳር በሻይ ይሟሟል፤ ይህኛው መቅለጥ ነው።

የሰዋስው ተማሪ፦
ጋሽ ባልጩት፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ሰረገ» ወደ ታች ነው፤ ዝናብ ወደ መሬት ይሰርጋል እንላለን። እዚህ ግን ፈሳሹ ከፕሌቱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ባልጩት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰርጎ ገብ የምንለው ሰው ግን ወደ ታች አይወርድም፤ ሳይታይ በክፍተት ሾልኮ ይገባል። የግሱ አስኳል በስውር ዘልቆ መግባት ይመስለኛል። አቅጣጫው ከስበት የመጣ ልማድ ነው። ለጥንቃቄ «ወደ ላይ ሰርጎ» ብለው ይጻፉት።

ቃል ፈላጊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማንትሉ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ተማሪዎቹ «ተበረዘ» ብለውታል። ይሄስ ያስኬዳል?

ባልጩት፦
አያስኬድም፤ ምክንያቱን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። የተበረዘ ጠጅ ቀጠነ እንጂ ያው ጠጅ ነው። ማንትሉ ግን ሌላ አለት ሊሆን ይችላል። ኤክሎጃይት ሲቀልጥ በሲሊካ (መስታወት በሚሠራበት ውሁድ) የበለጸገ ፈሳሽ ይወጣዋል። ይህ ፈሳሽ ከማንትሉ ዋና ማዕድን ከኦሊቪን ጋር ሲገናኝ ኦሊቪኑ ወደ ፓይሮክሲን ይለወጣል። ኦሊቪን ኒኬልን አጥብቆ የሚይዝ ማዕድን ነው። እሱ በሌለበት አለት የሚፈጠር ማግማ ስለዚህ ብዙ ኒኬል ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአለት ተመራማሪው አሌክሳንደር ሶቦሌቭና ባልደረቦቹ የሃዋይን ላቫ በዚህ መንገድ አስረዱ፦ ላቫው ውስጥ በኋላ የተፈጠሩት የኦሊቪን ቅንጣቶች ያላቸው ከፍተኛ ኒኬል፣ ምንጩ ኦሊቪን የሌለበትና ከጥንት የሰመጠ ቅርፊት ድርሻ ያለበት አለት መሆኑን ያመለክታል አሉ። ሃዋይ ፕሌት ከሚሰምጥበት ዳርቻ በጣም የራቀ መሆኑን ልብ ይሏል። እኔ «ተለወጠ» የሚለውን እመርጣለሁ።

ቃል ፈላጊ፦
ለምሳሌ ያህል ከገደምሳ ወይም ከቦሰት ባልጩት አምጥተን ከጽሑፉ ሥር ብናስቀምጠውስ? ልጆቹ የሰፈራቸውን ድንጋይ ሲያዩ ይበልጥ ይገባቸዋል።

ባልጩት፦
ለዚህ ጽሑፍ አያምጡት፤ ልጆቹን ያሳስታል። አዳማ ያለችው ምድር በምትለያይበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከሥሯ የሚሰምጥ ፕሌት የለም። እዚህ ማግማ የሚፈጠረው ከጥልቅ በሚመጣ ሙቀትና ምድሪቱ ስትሳሳ ግፊቱ በመቀነሱ ነው። ባልጩታችን በአብዛኛው ባዛልታዊ ማግማ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝና ክሪስታሎቹን ሲጥል በቀረው፣ በሲሊካ በበለጸገው ቅልጥ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ምሳሌ ካስፈለገ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሂዱ። ያኔ በዚህ አካባቢ የነበረ ውቅያኖስ ወለሉ እየሰመጠ ተዘግቷል፤ በትግራይና በወለጋ ካሉት አረንጓዴማ ጥንታዊ አለቶች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን እሳተ ገሞራዎች ቅሪት ናቸው።

የሰዋስው ተማሪ፦
የሰመጠው ነገር በማግማው ላይ የሚተወው ምልክትስ «ዱካ» ነው ወይስ «አሻራ»?

ባልጩት፦
«አሻራ»። ዱካ የሄደበትን እንጂ ማንነትን አይናገርም፤ እዚህ የሚታወቀው ማንነት ነው። ከፕሌቱ የወጣው ውሃ ባሪየምን፣ ስትሮንቲየምንና እርሳስን በቀላሉ ይዞ ይሄዳል፤ ኒዮቢየምንና ታንታለምን ግን እዚያው ይተዋቸዋል። አንድ ላቫ የመጀመሪያዎቹ በዝተው ሁለተኛዎቹ አንሰው ከተገኙበት፣ ሰርጎ የገባው ከሰመጠ ፕሌት የመጣ ፈሳሽ ሳይሆን አይቀርም።