አባቴ ውሃ ሲጠጡ ትን አይላቸውም፤ ታዲያ ራጁ ለምን አስፈለገ?

የሜሪላንዷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው ደክሟል፣ አነጋገራቸውም ተሳስሯል። ሆስፒታሉ ውሃና ቡና ከልክሏቸው፣ ባሪየም (በራጅ ጎልቶ የሚታይ ነገር) የተቀላቀለበት ምግብ እየዋጡ ቪዲዮ በሚያነሳ ራጅ ይታዩ ብሏል። ነርሷ ግን እኔ ፊት ለሙከራ ውሃ ስታጠጣቸው ትን እንኳ አላላቸውም። «ቡናዬን» እያሉ ሲለምኑኝ አንጀቴ ይላወሳል። ጨረሩስ አይጎዳቸውም?

የመዋጥ ቴራፒስት፣ ቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔን ያሳሰበኝ ትን አለማለቱ ነው። ጤነኛ ሰው ጠብታ ወደ አየር ቧንቧው ከገባች ሳል ይዞት ያስወጣታል። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ሲያደነዝዝ ግን ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አልጋው አጠገብ ቆመን ይህን ማየት አንችልም። ራጁ ላይ የምንጠቀምበት ከ1 እስከ 8 የሆነ መለኪያ አለ። 8 የሚሰጠው ምግቡ ከድምፅ አውታር በታች ወርዶ ሰውየው ሊያስወጣው እንኳ ሳይሞክር ሲቀር ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «እኔ ደህና ነኝ» ይሉኛል።

አባትሽ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ ከጎን ምስላቸውን ያነሳል። መጀመሪያ በማንኪያ ቀጭን ፈሳሽ፣ ከዚያ ወፈር ያለ፣ በኋላ እንደ ገንፎ የለሰለሰ፣ መጨረሻ ብስኩት ይሰጣቸዋል። ምግብ ጉሮሮን የሚያልፈው በአንድ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ቪዲዮውን ቀስ እያደረግን ደጋግመን እናያለን።

ዋናው ጉዳይ መቼ ገባ የሚለው ነው። ሳይውጡ በፊት ሾልኮ ከገባ መዋጡ ዘግይቷል ማለት ነው፤ ፈሳሹን ማወፈር ሊረዳ ይችላል። ጉሮሮ ውስጥ ተርፎ ኋላ ከገባ ግን ማወፈሩ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። ፊታቸውን ወደ ደከመው ጎን አዙረው እንዲውጡም እንሞክራለን፤ ምግቡ በጠንካራው በኩል ይወርዳል። አገጭ ዝቅ ማድረግ አንዱን ይረዳል፣ ሌላውን አይረዳም። ስለዚህ እዚያው እያየን እንጂ በግምት አናዝም።

ጨረሩ አነስተኛ ነው። ማሽኑ የሚበራው ሲውጡ ብቻ ነው።

የሲያትሉ፦
እናቴ ፓርኪንሰን አለባት። ቀጠሮውን መድኃኒቷ በሚሠራበት ሰዓት አስደርጊ አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ክፍያ የለውም። «ያዢው፣ አሁን ዋጪ» ሲባል ካልገባቸው ምርመራው ይበላሻል። እኛ ፈቃድ ጠይቀን ፍርፍር ይዘን ሄድን። ባሪየሙን ቀብተውላት ስትውጥ አዩ፤ ቲማቲሙ ሲወርድ እንጀራው ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ብስኩት ብቻ ቢሆን ይህን ማን ያውቅልን ነበር? ባሪየሙ ኖራ ኖራ ይላል፤ በማግስቱም ሰገራ ይነጣል፣ አትደንግጪ።

የሜሪላንዷ ልጅ፦
ተባረኩ። ከወደቁስ ቡና ቀረ ማለት ነው?

የመዋጥ ቴራፒስት፣ ቨርጂኒያ፦
ማለፍና መውደቅ የለውም። ምን ያህል የወፈረ፣ በአንዴ ስንት ጉርሻ፣ በምን አቀማመጥ ብለሽ ጠይቂ። ቪዲዮውንም አሳዩኝ በያቸው። ውፍረቱ ከ0 እስከ 7 ባለው ደረጃ በቁጥር ይጻፍልሻል። ማወፈር ይበጃቸዋል ከተባለ ቡናም በማወፈሪያ ዱቄት እዚያ ቁጥር ላይ ይደርሳል። እስከዚያ አፋቸውን ጠዋትና ማታ በደንብ አጽጂላቸው፤ የሳንባ ምች የሚያመጣው ከውሃው ይልቅ አብሮት የሚወርደው የአፍ ጀርም ነው። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ በሳምንታት ውስጥ የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው። ድጋሚ የሚታዩበትን ቀን ሳታስቆርጪ ከሆስፒታል እንዳትወጪ።