ነባሩን ኮድ ሁሉ በብላክ ፎርማት ብናደርገው የኮሚት (የተመዘገቡ ለውጦች) ታሪካችን ምን ይሆናል?

ባሕረ_ሐሳብ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጸዳና እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉትን ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ የፓይተን ላይብረሪ በክፍት ምንጭነት በጋራ እንሠራለን። ኮዱ በብዙ ሰዎች እጅ ያለፈ በመሆኑ አንዱ ፋይል በነጠላ፣ ሌላው በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ተጽፏል፤ የመስመሩም ርዝመት አንድ ቦታ የፔፕ 8ን (የፓይተን አጻጻፍ መመሪያ) 79 ቁምፊ ሲያከብር ሌላ ቦታ ከ120 ያልፋል። ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ወደ ዋናው ኮድ ይዋሃድ የሚል ጥያቄ) በመጣ ቁጥር ከአልጎሪዝሙ ይልቅ በኮማ አቀማመጥ ስንከራከር እንውላለን። የፓይተን ኮድን አጻጻፍ በራሱ ወጥ የሚያደርገውን ብላክ የተባለ መሣሪያ ለማስገባት አስበን ነበር፤ ሆኖም ሁሉም ፋይል በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የለወጠው ማን እንደሆነ የሚያሳየው፣ የለውጥ ታሪክ መዝጋቢው የጊት ትእዛዝ) መስመሮቹን ሁሉ ፎርማት ባደረገው ሰው ስም እንዳያሳየን ሠጋን። ገና ያልተዋሃዱት ፑል ሪኩዌስቶችስ ምን ይደረጋሉ?

ነጠላ_ሰረዝ፦
ጃንጎ የተባለው የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮጀክት የሄደበትን መንገድ ብታዩት ይጠቅማችኋል። ብላክን ለመቀበል የተወሰነው በ2019 ቢሆንም፣ መሣሪያው ከሙከራ ደረጃ እስኪወጣ ተጠብቆ ኮዱ በሙሉ የተለወጠው በየካቲት 2022 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ለውጡ ለብቻው በተለየ ኮሚት ገባ፤ የዚያ ኮሚት መለያ ቁጥር ደግሞ ጊት ብሌም እንዲያልፋቸው በሚፈለጉ ኮሚቶች ዝርዝር ፋይል ውስጥ ተመዘገበ። ጊት ይህን ዝርዝር ማንበብ የጀመረው በ2019 በወጣው 2.23 ስሪት ነው፤ በኋላ የኮድ ማከማቻው ጊትሃብም በድረ ገጹ ላይ ይደግፈው ጀምሯል። ስለዚህ ዋናው ነገር የፎርማት ኮሚቱ ውስጥ አንዲት የአሠራር ለውጥ እንኳ አለመቀላቀሏ ነው፤ ከተቀላቀለች በዝርዝሩ ምክንያት እሷም አብራ ትሰወራለች።

ጥቁር_ቡና፦
ዝርዝሩ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ፍጹም አይደለም። አንድ ረጅም መስመር ወደ አምስት ሲከፈል ጊት የቀድሞውን ባለቤት የሚፈልገው በግምት ስለሆነ አንዳንዱን መስመር ከፎርማት ኮሚቱ ሊያላቅቀው አይችልም። ኤልኤልቪኤም የተባለው የኮምፓይለር ፕሮጀክት ለረጅም ዘመን የያዘው ልማድ ነባሩን ኮድ ሳይነኩ አዲስ የተጻፈውንና የተለወጠውን መስመር ብቻ ክላንግ ፎርማት በተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ማስተካከል ነበር። በፓይተንም ዳርከር የተባለው መሣሪያ ብላክን በተነኩት መስመሮች ላይ ብቻ ያውለዋል። በእናንተ ቦታ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

ነጠላ_ሰረዝ፦
ይህ መንገድ እንደ ኤልኤልቪኤም ላለ ግዙፍ ፕሮጀክት ያስኬዳል፤ ለትንሽ ላይብረሪ ግን ሁለት ዓይነት አጻጻፍ በአንድ ፋይል ውስጥ ለዓመታት ማኖር ስለሚሆን አልመክረውም። ደግሞም ብላክ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው የኮዱ መዋቅር አንድ መሆኑን ራሱ ስለሚያረጋግጥ በጅምላ መለወጡ የሚመስለውን ያህል አያስፈራም። ይልቅ የፊደል ገበታ ሰንጠረዥ ካላችሁ ተጠንቀቁ! ሰባቱን ድምፆች በአንድ ረድፍ አሰልፋችሁ ከሆነ፣ ብላክ ከመጨረሻው አባል ቀጥሎ ኮማ ሲያገኝ እያንዳንዱን ሆሄ በየራሱ መስመር ይደረድረውና ገበታው ዓይን የማይሞላ ዝርዝር ይሆናል። ከሰንጠረዡ በላይና በታች ብላክን የሚያስቆመውንና መልሶ የሚያስጀምረውን ኮመንት አስገቡ።

ባሕረ_ሐሳብ፦
ሰንጠረዡስ አለን፤ እግዜር ይስጥልኝ። የፑል ሪኩዌስቶቹ ነገር ግን አሁንም አልተፈታልኝም።

ነጠላ_ሰረዝ፦
በተቻለ መጠን ለመዋሃድ የደረሱትን አስቀድማችሁ አዋህዱ። ለሚቀሩት፣ የብራንቹ (ለውጡ የተሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ባለቤት መጀመሪያ ከፎርማት ኮሚቱ አንድ እርምጃ በፊት ያለውን ኮሚት ወደ ብራንቹ ሜርጅ ያድርግ (ያዋህድ)፤ እውነተኛ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ካለ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ በብራንቹ ላይ ብላክን አሂዶ ኮሚት ያድርግ። ከዚያ የፎርማት ኮሚቱን ሜርጅ ሲያደርግ የራሱን ወገን ብቻ እንዲይዝ ጊትን ያዝዘው፤ ሁለቱም ወገን በአንድ መሣሪያ ስለተስተካከለ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የብላክ ስሪትና ቅንብር ሲጠቀም ነው። ብላክ የአጻጻፍ ስልቱን የሚቀይረው በየዓመቱ መጀመሪያ በሚወጣው ስሪት ስለሆነ፣ ቁጥሩን በፕሪኮሚት (ከኮሚት በፊት ፍተሻ የሚያሂድ መሣሪያ) ቅንብራችሁ ውስጥ ቆልፉትና ሲአይም (ለውጥ ሲመጣ ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው ሥርዓት) ያንኑ ስሪት እንዲያሂድ አድርጉ።