ለመጀመሪያ ጊዜ ዴማ ሾው ልሄድ ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ምን ይሠራል?

አረፋ_ቆጣሪ፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዳይቪንግ (ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራበት ሱቅ ትንሽ ነው። ባለቤቱ፣ እኔና አንድ ቴክኒሽያን፣ በቃ። በየዓመቱ ዴማ ሾው (አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደው የዳይቪንግ ንግድ ትርኢት) የሚሄደው ባለቤቱ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጉልበቱን ስላመመው «አንቺ ሂጂና የሚገዛውን ለይተሽ ነይ» ብሎኝ አረፈው። ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

የማውቀው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነው። አራት ቀን ነው፣ ላስ ቬጋስና ኦርላንዶ እየቀያየሩ ያዘጋጁታል፣ አንዳንዴም ኒው ኦርሊንስ ይሄዳል። ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ በሙያው ውስጥ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ካላቀረብሽ ባጅ አይሰጡሽም። እሱን ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጨለማ ነው። የአዳራሹን ካርታ ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት።

እና፣ እዚያው ትእዛዝ ልስጥ ወይስ ካታሎግ ሰብስቤ ልመለስ? ገንዳ ውስጥ ዕቃ ይሞከራል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የዋና ልብስ ይዤ ልሂድ? ሴሚናሩ ደግሞ መዓት ነው። አዳራሹን ትቼ ሴሚናር ላይ ብቀመጥ ባለቤቱ «ተኝተሽ መጣሽ» አይለኝም? እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።


የድሮ_ጠላቂ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ከሁሉ በፊት ግን ጫማ። የምቀልድ እንዳይመስልሽ። ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ስስ ምንጣፍ ቢያነጥፉበትም ያው ኮንክሪት ነው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት አዲስ የቆዳ ጫማ አድርጌ፣ ሽክ ብዬ ሄድኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ መቅዘፊያ) የሚሸጥ ሰውዬ ቡዝ (የማሳያ ቦታ) ውስጥ ባዶ ወንበር አየሁና፣ ለወንበሩ ስል ብቻ ግማሽ ሰዓት ስለ ፊን ሲያወራ ሰማሁት። ጎበዝ ሻጭ ነበር። ፊኑንም ገዛሁት።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ከመሄድሽ በፊት የሱቃችሁን መደርደሪያ በደንብ እዪው። ባለፈው ዓመት ምን ተሸጠ? ምን አቧራ ለበሰ? ደንበኛ ምን መለሰ? የትኛው መለዋወጫ ጠፍቶ ሥራ አስቆመ? ይሄን አንድ ገጽ ላይ ጻፊውና ኪስሽ ውስጥ ይኑር። አዳራሹ ውስጥ መብራቱም ቪዲዮውም ልብ ይሰርቃል፣ ያላማረ ነገር የለም፤ ያቺ ወረቀት ከሌለችሽ ሱቃችሁ ከምንም በላይ የጎደለው ሮዝ ማስክ (የጥልቂያ መነጽር) ይመስልሻል።

ከትልልቆቹ አምራቾች ጋር ቀጠሮ ከአሁኑ በኢሜይል ያዢ። እዚያ ደርሼ አገኛቸዋለሁ ካልሽ የምታገኚው በራሪ ወረቀት የሚያድለውን ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ደግሞ ምንም ሳትገዢ ከዳር እስከ ዳር ዙሪው። በተለይ ጠርዝ ጠርዙን። ትንንሾቹ ኩባንያዎች እዚያ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ቡዙ ላይ የቆመው ሰው ራሱ ዕቃውን የፈጠረው ሰው ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሠራው ስትጠይቂው ዓይኑ ይበራል፣ የሚከብደው ዝም ማሰኘቱ ነው።


ቫልቭ፦

እኔ ነገሩን የማየው ከጥገና ጠረጴዛ ነው፣ ስለዚህ ማዳላቴ አይቀርም። ሴሚናሩን አትዝለይ። በተለይ አምራቾቹ ራሳቸው የሚሰጡትን የሬጉሌተር (ጠላቂው አየር የሚተነፍስበት ዕቃ) ጥገና ሥልጠና። ብዙ አምራች ያልሠለጠነ ሰው ለነካው ሬጉሌተር ዋስትናውን አያከብርም፣ መለዋወጫም ለሠለጠነ ሱቅ ብቻ ነው የሚሸጠው። እንደውም ቴክኒሽያናችሁ አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነበር። ባለቤቱ «ተኝተሽ መጣሽ» ካለሽ የሥልጠና ወረቀቱን አሳዪው፣ ዝም ይላል።

ገንዳውን በተመለከተ፣ አዎ፣ የዋና ልብስ ያዢ። ማስክ፣ ፊን፣ ቢሲዲ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው ጃኬት) ሞክሪ። ቢሲዲው ውሃው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆምሻል ወይስ በፊትሽ ይደፋሻል? የክብደት ኪሱ በአንድ እጅ ይመዘዛል? ተማሪ ሲደነግጥ የአየር ማስወጫውን ቁልፍ በዳበሳ ያገኘዋል? ይሄ ሁሉ ገንዳ ውስጥ ይታወቃል።

ሬጉሌተርን ግን ገንዳ ውስጥ ሞክረሽ አትፍረጂ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ርካሹም ውዱም ያው ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ያስተነፍሳሉ። 30 ሜትር ስትወርጂ ግፊቱ 4 ባር ይሆናል፣ የምትስቢው አየር ከላይ ካለው አራት እጥፍ ይወፍራል፤ ሬጉሌተር ከሬጉሌተር የሚለየው ያኔ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 250 ደረጃ ሬጉሌተርን የሚፈትነው በማሽን ነው፣ 50 ሜትር ላይ ባለው ግፊት፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር እያስተነፈሰ። ለመተንፈስ የሚወጣው ጉልበት በሊትር ከ3 ጁል ማለፍ የለበትም። እና ቡዙ ላይ ያለው ልጅ «ሞክሪው እስቲ፣ አየሩ ራሱ እኮ ነው የሚገባው» ሲልሽ ፈገግ በይና የፈተናውን ግራፍ ጠይቂው። ግራፉን አምጥቶ የሚያስረዳሽ ሰው ካለ፣ እዚያ ቡዝ ላይ ትንሽ ቆይ ብዬ እመክርሻለሁ።

ሌላው፣ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ፦ የሰርቪስ ኪቱ (የጥገና መለዋወጫ ስብስቡ) ከቀድሞው ሞዴል ጋር አንድ ነው? ሞዴሉ ከምርት ከወጣ በኋላ መለዋወጫ እስከ መቼ ታቀርባላችሁ? ለመፍታት ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል? አንድ ጊዜ አምስት ሬጉሌተር ገዝተን፣ ለመፍቻው ብቻ ያወጣነው ገንዘብ ስድስተኛ ሬጉሌተር ይገዛ ነበር።


ሪፍ_ፈላጊ፦

ቫልቭ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን «አትግዢ» እያላችሁ ልጅቷን አታስፈራሯት። እኛ የዓመቱን ትልቁን ትእዛዝ የምንሰጠው እዚያው ነው። የትርኢት ቅናሽ አለ። ከቅናሹም በላይ የሚጠቅመን የክፍያ ጊዜው ነው፤ አሁን ታዣለሽ፣ ዕቃው የሥራ ወቅት ሊጀምር ሲል ይመጣል፣ ገንዘቡን የምትከፍዪው ደግሞ ግማሹን ሸጠሽ ነው። ለትንሽ ሱቅ ይሄ ትንፋሽ ነው። ቤት ተመልሰሽ ስትደውዪ ያ ዋጋ የለም።


የድሮ_ጠላቂ፦

@ሪፍ_ፈላጊ ልክ ነህ፣ ግን ሁለተኛውን ወገንም ትስማ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ኩባንያ (ስሙ ይቅር) 12 ቢሲዲ አዘዝኩ። ቅናሹ ያጓጓ ነበር። ለቅናሹ 12 ማዘዝ ነበረብኝ፣ እኔ የሚያስፈልገኝ 6 ነበር። ዕቃው መጣ፣ አራት ወር አልቆየም፣ ኩባንያው አዲስ ሞዴል አወጣ። ደንበኛ ኢንተርኔት አይቶ ነው የሚመጣው፤ የኔዎቹ ከፌስታላቸው ሳይወጡ «የድሮው» ተባሉ። የመጨረሻዋን የሸጥኳት ሳይሆን የመረቅኳት ናት ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስፈርሚ። ሞዴሉ በዚህ ዓመት ውስጥ ከተቀየረ ያልተሸጠውን ይመልሳሉ ወይስ ልዩነቱን ይችላሉ? ሳይዝ መቀየር ይቻላል ወይ? በቃል «ምንም ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» የሚልሽ ወኪል በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኩባንያ ቡዝ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ትእዛዙን አዘጋጅተሽ ሆቴል ይዘሽው ግቢ፣ ለባለቤቱ ደውዪ፣ ፊርማው ለመጨረሻው ቀን ይቆይ።


አረፋ_ቆጣሪ፦

ኧረ አመሰግናለሁ፣ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የምናከራያቸው ዳይቭ ኮምፒውተሮች (ጥልቀትና ጊዜ ቆጥረው እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚነግሩ፣ እጅ ላይ የሚታሰሩ) አርጅተዋል፣ ስምንት ያህል መቀየር አለብን። አሁን ከየኩባንያው ኢሜይል እየመጣልኝ ነው፣ ሁሉም «የኛ አልጎሪዝም ምርጥ ነው» ይላል። በምን ላወዳድር?


ቫልቭ፦

ለኪራይ ከሆነ አልጎሪዝሙ (የሚያሰሉበት መንገድ) የመጨረሻ ጥያቄሽ ይሁን። ብዙዎቹ አሁን ቡልማን ዜድኤችኤል 16ሲ የሚባለውን ስሌት ነው የሚጠቀሙት። ዜድኤች ዙሪክ ነው፣ ፕሮፌሰር ቡልማን የሠሩበት ከተማ፤ 16ቱ ደግሞ ስሌቱ ሰውነትን የሚከፍልባቸው ክፍሎች ናቸው፣ አንዳንዱ ናይትሮጅን ቶሎ ይሞላል፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ። የራሳቸውን ስሌት የሚጠቀሙም አሉ። ችግር የለውም፣ ግን ሁሉንም ስምንቱን ከአንድ ዓይነት ግዢ። ጥንድ ሆነው የሚወርዱ ሁለት ደንበኞች እጃቸው ላይ የተለያየ ቁጥር ሲያዩ የሚጨቃጨቁት ካንቺ ጋር ነው።

ለኪራይ ዋናው ሌላ ነው። ባትሪውን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ? ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ኬብሉ ከሌላ ዕቃ ጋር ይጋራል ወይስ ከጠፋ ሞት ነው? ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው ጓንት አድርጎ የናይትሮክሱን (ኦክሲጅኑ ከፍ ያለ የመተንፈሻ አየር) ቁጥር መቀየር ይችላል? ይሄን ቡዙ ላይ ሞክሪው። ሻጩ ሳያግዝሽ፣ መመሪያ ሳታነቢ። አንቺ አስተማሪ ሆነሽ ሁለት ደቂቃ ከፈጀብሽ ደንበኛሽ ጀልባ ላይ ያለቅሳል።


ሻንጣ_ዝግጁ፦

ከጉዞ በኩል ልናገር፣ ማንም አላነሳውም። አዳራሹ ውስጥ የሪዞርቶች፣ የሊቭአቦርድ (ጠላቂዎች የሚያድሩባቸው) ጀልባዎችና የቱሪዝም ቢሮዎች ቡዝ ብዙ ነው። ሱቃችሁ የቡድን ጉዞ የሚያዘጋጅ ከሆነ ግማሽ ቀን ስጪው። ስንት ሰው ሲሞላ ነው ለመሪው አንድ ቦታ በነጻ የሚሰጡት፣ ሰው ሲቀር ቅድመ ክፍያው ምን ይሆናል፣ ጀልባው ተበላሽቶ ጉዞው ቢሰረዝስ? ሦስተኛውን ጥያቄ ስትጠይቂ የሚደናገጥ ሰው ካየሽ ፈገግታውን ተቀብለሽ እለፊ።

«ቡት ዱሰልዶርፍ ይሻላል» የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ነገሩ ሌላ ነው። ቡት በጥር ወር ጀርመን ውስጥ ዘጠኝ ቀን የሚካሄድ ሲሆን ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ጀልባውም ዳይቪንጉም አንድ ላይ፣ የሰው ጎርፍ ነው። ለማየት ደስ ይላል፣ እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። የሱቅ ዋጋ ለመደራደር ግን ጎንሽ የቆመው ሰው ያው የነገ ደንበኛሽ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዴማ ላይ እንደዚያ የለም።

ደግሞ ዘንድሮ ኦርላንዶ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሪና የፍሎሪዳን ምንጮች እዪ። ዴቭልስ ደን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዋሻ ውስጥ ያለ ምንጭ፣ ውሃው በጋም ክረምትም 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረራሽን ብቻ አስቢበት። ዳን (የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት) ለአንድ ጊዜ ጥልቂያ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ደግሞ 18 ሰዓት ቢያንስ ቆይተሽ ብረሪ ይላል። አስተማሪ ነሽ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሻንጣ ሲታሰር የሚረሳው ይሄ ነው።


አረፋ_ቆጣሪ፦

ተመለስኩ! ቃል ስለገባሁ አይደለም፣ ማውራት ስላማረኝ ነው።

ወረቀቷ አዳነችኝ። መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በፊት ዝም ብዬ ዞርኩ፣ ሦስት ጊዜ ልገዛ ደርሼ ሦስት ጊዜ ወረቀቷን አወጣሁ። ሮዝ ማስኩ እውነትም ነበረ። የጥገና ሥልጠናውን ወሰድኩ፤ እጄ ጥቁር ቅባት ሆኖ ሳይ ነው ቴክኒሽያናችን ለምን ሁልጊዜ እንደሚነጫነጭ የገባኝ። ግራፍ የጠየቅኳቸው አራት ቡዞች ናቸው። ሁለቱ አመጡ፣ አንዱ ካታሎጉን ገልጦ ስዕል አሳየኝ፣ አንዱ «ግራፍ ለምንሽ ነው፣ ቆንጆ እኮ ነው» አለኝ።

ኮምፒውተሮቹን አዘዝኩ፣ ስምንቱንም ከአንድ ዓይነት፣ ባትሪያቸው በሳንቲም የሚከፈት። የመመለሻውን ነገር በጽሑፍ ስጠይቅ ወኪሉ ትንሽ ፊቱ ተለወጠ፣ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ መጣ፣ ፈረመ። ቢሲዲ አላዘዝኩም። ባለቤቱ በስልክ «ቅናሹ ያመልጣል» ብሎ ተቆጣ፣ እስካሁንም ትንሽ አኩርፏል።

@የድሮ_ጠላቂ ሰውዬህ አሁንም አለ። ወንበሩም አለ።


የድሮ_ጠላቂ፦

ተቀመጥሽ?


አረፋ_ቆጣሪ፦

ሁለት ጥንድ።