ወጤ ለምን ስኳር ስኳር ይላል?

አዲስ አባወራ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ብዙውን ጊዜ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ ወጥ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ። ደስ እያለኝ ነው የምሠራው፤ ግን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛ፣ ቀይ ወጥ ስሠራ ስኳር ስኳር ይላል። ሽንኩርቱ ከሱፐርማርኬት የምገዛው ትልልቁ ቢጫ ነው። ሁለተኛ፣ በርበሬ ስጨምር ቤቱ ሳል በሳል ይሆናል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውም ይጮሃል። ጎረቤት ደንግጦ አንኳኩቶብኝ ያውቃል። ሦስተኛ፣ እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ በነገረችኝ ሰዓት ክክ ስቀቅል ሟሙቶ ገንፎ ይሆናል።

ከሥራ የምገባው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። ለጾሙም ለፍስኩም የሚሆን መላ ካላችሁ ንገሩኝ።

ማጀት፣ እርስዎ ስለ ምግብ የሚጽፉትን ሁሌም እናነባለን። ባለቤቴ ወደዚህ ሥራ እንዴት እንደገቡ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

የጎንደሯ፦
ተባረክ ልጄ። በእኛ ጊዜ ወንድ ማጀት ሲገባ ይነወር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማየት ደስ ይላል።

ቢጫውን ሽንኩርት ተወው፣ ቀዩን ግዛ። ትንንሹን ካገኘህማ በጣም ጥሩ። በቢላ አድቅቀህ ክተፈው እንጂ ማሽን ውስጥ አትክተተው። ማሽን ውሃውን ያወጣዋል፤ ያኔ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ዘይት ሳትጨምር ድስት ላይ ጣደው። እሳቱ መጠነኛ ይሁን። አማስል፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ አድርግበት። ዘይቱ የሚገባው የሽንኩርቱ ውሃ ካለቀ በኋላ ነው። ደግሞ አትቸኩል። ቁሌት ችኮላ አይወድም።

ከፍታ (የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ)፦
የክኩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አንተ ያለህበት ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያቺ የ8 ዲግሪ ልዩነት ለጥራጥሬ ብዙ ናት። እናትህ ትክክል ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የእሳቸው ምድጃ ሰዓት ነው።

ስለዚህ በሰዓት አትመራ፣ ቅመሰው። አንተ ዘንድ ቀይ ምስር ክክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የአተር ክክ ከ30 ደቂቃ ጀምረህ በጣትህ እየጫንክ እየው። የቆየ ጥራጥሬ ከሆነ ሊዘገይ ይችላል።

ሌላም ልጨምር። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ እንዳታወጣ! መስኮት ክፈት፣ የምድጃውን አየር መሳቢያ አብራ።

ስንቅ (ዱባይ)፦
ወንድሜ፣ እኔም ከሥራ የምገባው ማታ ነው። ዓርብ ዕረፍት ስለሆንኩ የሳምንቱን ቁሌት ያን ቀን እሠራና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ፌስታል አድርገህ በእጅህ ጠፍጠፍ አድርገው። ጠፍጣፋ ከሆነ ቦታ አይፈጅም፣ ቶሎም ይሟሟል። ማታ አንዱን ፌስታል አውጥተህ ድስት ላይ ብትጥለው ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ፌስታሉ ላይ ቀኑን መጻፍ አትርሳ።

ማጀት፦
ሰላም ልጄ። ከባለቤትህ ጥያቄ ልጀምር።

ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሽንኩርት መክተፍ የእኔ ሥራ ነበር። የተማርኩት ግን ሒሳብ ነው። ባንክ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ስለ ምግብ መጻፍ የጀመርኩት ውጭ አገር በሄዱ ጓደኞቼ ምክንያት ነው። ደውለው «በርበሬው ስንት ነው?» ይሉኛል። እናቴን ስጠይቃት «እጅሽ ያውቀዋል» ትለኛለች። የእነሱ እጅ ግን ገና አላወቀም። በልጅነታቸው ነው የወጡት። ከዚያ ሚዛን ገዛሁ። እናቴ ከጣሳው በእጇ ስትዘግን «እማዬ፣ መጀመሪያ እዚህ ላይ» እላታለሁ። ትስቃለች፣ ግን እሺ ትለኛለች። ግራሙን ጻፍኩ። ሽንኩርቱ መቼ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሸት፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ጻፍኩ። ለጓደኞቼ የላክሁት ማስታወሻ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቆይቶ አንድ ጋዜጣ በየሳምንቱ እንድጽፍ ጠየቀኝ።

ዛሬም የምጽፈው እናቱ አጠገብ ቆሞ ለመማር ዕድል ላላገኘ ሰው ነው። «በቂ በርበሬ ጨምሩ» ብሎ መጻፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምንም አይጠቅመውም። በዚህ ነገር አልደራደርም።

አሁን ወደ ድስትህ እንምጣ። ሽንኩርት ረጅም ጊዜ ሲበስል የሚያቃጥለው ነገር ይጠፋል፣ ስኳሩ ይቀራል። ውሃው በተነነ ቁጥር ደግሞ ስኳሩ ይጎላል። አንተ እስኪጠቁር ስለምትጠብቅ ይመስለኛል። አትጠብቅ። ውሃው አልቆ፣ ለስልሶ፣ ዳርና ዳሩ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ዘይቱን አስገባ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ በርበሬ።

የበርበሬው ሰዓት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ብትቀንሰውም ግለቱ ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ ድስቱን ከምድጃው ላይ አንሳ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምር። በርበሬውን በትነህ አማስልና ወደ ትንሽ እሳት መልሰው። ርጥብ ነገር ላይ ያረፈ በርበሬ አይበንም፣ አያርርም። ሳሉም ጩኸቱም ይቀንስልሃል። የሚመር ወጥ አብዛኛውን ጊዜ በርበሬው ያረረ ነው። ካረረ ደግሞ ማስተካከያ የለውም።

ከዚያ ቢያንስ 25 ደቂቃ ውሃ ጠብ እያደረግህ አብስለው። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደርሷል። ጣፋጭነቱን የሚሰብረው ይህ ነው፦ በደንብ የበሰለ በርበሬና በቂ ጨው። የቲማቲም ድልህ አትጨምር። ስኳር ላይ ስኳር ነው። በርበሬውንም ከሐበሻ ሱቅ ግዛ። ሱፐርማርኬት በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ሽንኩርቱን አይችለውም።

ለሳምንት የሚሆን ልክ ልስጥህ። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ከ100 እስከ 120 ግራም በርበሬ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል። ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ይሁን። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጨው አሁን አታድርግ፤ በየወጡ ላይ ታደርገዋለህ።

በዘይት ብቻ ሥራው። ያኔ ቁሌቱ የጾም ነው። ረቡዕ 200 ግራም ምስር ክክ ለብቻው ቀቅለህ አንድ ኩባያ ቁሌት ጨምርበት፤ ምስር ወጥ ሆነ። ፍስክ በሆነ ቀን ለሥጋው ትጠቀምበትና መጨረሻ ላይ ነጠር ያለ ቅቤና መከለሻ ታደርግበታለህ። ስንቅ እንዳለችው ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፤ በሦስት ወር ውስጥ ጨርሰው።

የጎንደሯ እህቴ ስለ ማሽን ያለችው እውነት ነው። ቢላ የሚያክለው የለም። ግን ይህ ልጅ ሠራተኛ ነው። በማሽን ከሆነ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርገህ ሳይልም አቁመው። ከላመ ውሃው ይበዛል፣ ምሬትም ያመጣል።

አዲስ አባወራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ የክኩን ነገር ስነግራት ለጎረቤቶቿ ሁሉ አወራችው። ቅዳሜ ከስካይላይን ሐበሻ ሱቅ ቀይ ሽንኩርትና በርበሬ እገዛለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባለቤቴ ለልደቷ ዶሮ ወጥ እንድሠራላት ትፈልጋለች። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ቁሌት ይሆናል?

የጎንደሯ፦
አይሆንም ልጄ! ዶሮ የራሱ ቁሌት ነው የሚፈልገው። ቅቤው መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠብ አይደለም፤ ከበርበሬው ጋር አብሮ መቁላላት አለበት።

ማጀት፦
በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ለብቻው ቁላ፤ ዘይቱን ቀንሰህ ቅቤውን ከበርበሬው ጋር አስገባ። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመህ እጠበው፣ ውሃው ጥርት እስኪል። ደግሞ ተጠንቀቅ፤ የሱፐርማርኬት ዶሮ ሥጋው ለስላሳ ነው። እንደ አገር ቤቱ ሰዓታት አይፈልግም፤ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ከቆየ ከአጥንቱ ይላቀቃል። ስለዚህ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ዶሮው አይግባ። ቀቅለህ የላጥከውን እንቁላል በቢላ ጫር ጫር አድርገህ ልታወጣ ስትል ጨምረው።

ስንቅ፦
ቁሌቱን ከዋዜማው ሥራው። አድሮ ይጥማል፤ በልደቱ ቀን የሚቀርህ ዶሮውና እንቁላሉ ብቻ ነው። ለእሷም መልካም ልደት በልልን።