ሊንክ የምንጋራበት ዌብሳይት ላይ መጀመሪያ ምኑን እናስተካክል?

ጮቄ_ስር፦
እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። ደብረ ማርቆስ ሆነን ሦስት ጓደኛሞች የሰራናት የሊንክ መጋሪያ ዌብሳይት አለች፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ስኮላርሺፕ፣ ስለ ስራ ማስታወቂያ ያገኘነውን እንለጥፋለን፣ ሰው ከወደደው ቮት ያደርጋል፣ በቃ ይኸው ነው። ተጠቃሚው ሲጨምር ግን ነገሩ እየተበላሸ መጣ። ግንቦት ላይ ስለ አሲዳማ አፈርና ኖራ የተለጠፈች ሊንክ ብዙ ቮት ስለሰበሰበች እስከዛሬ አናት ላይ ናት፣ ጥሩ ሊንክ ናት አልጠላኋትም፣ ግን ሐምሌ ላይ አንድ የቡሬ ልጅ ስለ በቆሎ ተምች የለጠፋት ሁለት ቮት ብቻ አግኝታ ወደታች ቀረች፣ በሳምንቱ ሌላ ሰው መጥቶ "ስለ ተምች የለጠፈ የለም?" ብሎ ጠየቀ። በጣም ነው ያናደደኝ። ደግሞ አንዱ ሊንክ አራት ጊዜ ይለጠፋል። ፍለጋውማ አይነሳ፣ አጎቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "ጸረ ተባይ" ብሎ ጻፈና ምንም ሲያጣ "የለም እኮ" ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። እኔ በፀሐዩ ፀ ስጽፈው ስድስት ሊንክ ተዘረገፈ። ከየቱ ልጀምር? ኮድ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ማታ ማታ።

ጣና_ዳር፦
ሰላም ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ነኝ ዌብ ነው የምሰራው። ደረጃውን በቮት ብቻ ካወጣኸው ሁሌም አሮጌው ያሸንፋል፣ ጊዜ መግባት አለበት። ሀከር ኒውስ የሚባለው የፈረንጆቹ ሊንክ መጋሪያ ሳይት የሚታወቅበት ቀመር አለ፣ ከቮቱ 1 ትቀንሳለህ፣ ከተለጠፈ ያለፈው ሰዓት ላይ 2 ደምረህ በ1.8 ፓወር ታነሳዋለህ፣ ከዛ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ታካፍላለህ። 100 ቮት ያላት የሦስት ቀን ሊንክ 0.04 አካባቢ ትወርዳለች፣ 5 ቮት ያላት የአንድ ሰዓት ሊንክ ግን 0.55 ትሆናለች፣ አዲሷ አለፈች ማለት ነው። ግን እንዳለ እንዳትገለብጠው! እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ ነው የሚለጠፈው፣ እኛ ጋ መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ሄዶ ሰው በሁለት ቀኑ ነው የሚገባው፣ በሰዓት ፋንታ በቀን ቁጠረው። ድግግሞሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፌስቡክ ሲገለበጥ አድራሻው ጫፍ ላይ የሚቀጠለው መከታተያ ነው የሚያመጣው፣ እሱን ቆርጠህ አወዳድር። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን ሁሉ ግን እንዳትቆርጥ፣ ዩቲዩብ የቪዲዮውን መለያ እዛው ነው የሚያስቀምጠው፣ ሁሉም ቪዲዮ አንድ ይሆንብሃል።

ዳሞት፦
እኔ ፍለጋውን አስቀድም ባይ ነኝ፣ አጎትህ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል እኮ። ንጉሡን ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሃሌታው ሀ፣ ዐይኑን ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩን ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ መልሳቸው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ሲነገሩ አንድ ስለሆኑ እነሱንም አትርሳ። ይኸን ግን ኢንዴክሱ (ፍለጋው የሚያይበት የቃላት ዝርዝር) ላይና ሰው የሚፈልገው ቃል ላይ ብቻ አድርገው፣ ርእሱን ሰው እንደጻፈው ተወው። አገሩ የቅኔ አገር ነው፣ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ ሰረቀ ደግሞ ያው ሰረቀ፣ ዋሸራ የተማረ ሰው ፀሐይን ሰረቀ ተብላ ቢያያት ያዝናል፣ ልክም ነው። ሌላው "ለተባይ" "የተባይ" "ተባዩን" አለ፣ ያማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይቀጠልበታል። ሙሉ ቃል ከሙሉ ቃል ካመሳሰልክ ብዙው ያመልጥሃል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ያለው የፍለጋ መሣሪያ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጠ ነው የሚያመሳስለው፣ ያማርኛ ቃል ፊደሉ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሁለት ቢሆን ይሻላል።

አዊ_ነኝ፦
እኔ ኮድ አላውቅም ተጠቃሚ ነኝ፣ ከዳንግላ። እባካችሁ ሊንኩ ምን እንደሆነ ሳንከፍተው አሳውቁን። አባቴ ስለ ድንች ዘር ሊንክ ነክቶ ትልቅ ፒዲኤፍ ሆኖ ተገኘ፣ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ካርዱ አለቀ፣ የወረደውም አልከፈትም አለው፣ ያውም እንግሊዝኛ። ቪዲዮ ነው ወይስ ፒዲኤፍ፣ ስንት ሜጋ ነው፣ ቋንቋው ምንድን ነው የሚለው ከርእሱ ስር ይጻፍ፣ የለጠፈው ሰው ደግሞ ሁለት መስመር ባማርኛ ይጻፍበት። ሳይጽፍ መለጠፍ ባይችል ደስ ይለኛል። የሞቱ ሊንኮችም በዝተዋል።

ጣና_ዳር፦
እህቴ ትክክል ነሽ፣ ሁለት መስመሩ ከኔ ቀመር ይበልጣል። ለሚሞቱት ሊንኮች ሲለጠፉ ዌይባክ ማሽን (የዌብ ገጾችን ኮፒ የሚያስቀምጥ ሳይት ነው) ላይ ኮፒ አስቀምጥና ከጎኑ አሳይ። ሁሉን ባንዴ ግን እንዳትቀይር፣ ዲግ የሚባል ሊንክ መጋሪያ ሳይት በ2010 በፈረንጆቹ መልኩን ባንዴ ቀይሮ ስንቱ ተነስቶ ወደ ተፎካካሪው ሬዲት ሄደበት።

ጮቄ_ስር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ትናንት ማታ ፊደሎቹን አስተካክዬ በጸሎቱ ጸ ጻፍኩት፣ ስድስቱም መጡ፣ ጠዋት ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት። ቀጥሎ የአዊ ልጅ ያለችው ነው፣ ሁለት መስመር ያልጻፈ አይለጥፍም፣ ቀመሩ ከሱ በኋላ። አንድ የምጠይቃችሁ፣ የፋይሉን መጠን ሰርቨሩ ራሱ ጠይቆ እንዲያመጣ አድርጌ አንዳንዱ ሳይት መጠኑን አይሰጠኝም፣ ሳላወርደው የማውቅበት ሌላ መንገድ አለ?