በሳሌም የተከሰሰችን ቅድመ አያት ለመለየት እርዳታ እጠይቃለሁ

ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሳሌም ከተማ በምትገኝበት በማሳቹሴትስ ግዛት ተወልዳ ያደገች ናት፤ አያቷም «ከቅድመ አያቶቻችን አንዷ በሳሌም ጠንቋይ ተብላ በእሳት ተቃጥላለች» ይሉ ነበር። ልጆቻችን የእናታቸውን ዘር እንደ ወጋችን እስከ ሰባት ቤትና ከዚያም በላይ እንዲቆጥሩ ፍለጋ ብጀምርም፣ ትረካው ከሰነዱ አልገጥም ብሎኛል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1692 በሳሌም በጥንቆላ ተከሰው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፣ ከተከሳሾቹ አንዱ ጃይልስ ኮሪም በድንጋይ ክምር ተጨፍልቆ ሞቷል፣ በእሳት የተቃጠለ ግን የለም።

አያቷ በተዉልን መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ወደ ቡናማ በተለወጠ ቀለም፣ ከሁሉ በላይ የተጻፈችው ሴት በሳሌም አቅራቢያ ያለችው የአንዶቨር ከተማ ሰው ናት፤ ከአንዶቨር ደግሞ ብዙ ሰው ስለ ተከሰሰ ተስፋ አልቆረጥሁም። የተቸገርሁት እናትና ልጅ በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ሴቶቹም ሲያገቡ (ከእኛ ልማድ በተለየ) የአባታቸውን ስም ስለሚተዉ፣ ተከሳሿ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቅቶኝ ነው። የጋብቻ መዝገብ ሲጠፋ የሴትን የአባት ስም ከኑዛዜና ከውርስ ሰነድ ያወጣችሁ፣ ወይም በ1711 ለተፈረደባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ካሳ ሲፈቀድ የቀረቡትን አቤቱታዎች ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ዝምድናን የሚያሳየው የትኛው እንደሆነ እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እለምናለሁ።